ኦርጋኒክ የቶስተር ፔስትሪ ለመክሰስ፦ ከመደብር አመራረጥ እስከ ቤት አጋገር

ሁለት ስስ የሊጥ ሽፋን፣ በመካከላቸው አንድ ማንኪያ ማርማላታ፣ አንዳንዴም ከላይ የስኳር ቅብ፤ በቶስተር (በኤሌክትሪክ የዳቦ መጥበሻ) የሚሞቀው የቶስተር ፔስትሪ በመሠረቱ ይኸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ሁሉ ከሱፐርማርኬቱ የቁርስ መደርደሪያ ያውቀዋል። ምርቱ የተወለደው ከኩባንያዎች ፉክክር ነው። ፖስት የተባለው የምግብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 መጀመሪያ ላይ «ካንትሪ ስኩዌርስ» የሚል አዲስ ምርት ሊያወጣ መሆኑን፣ ምርቱ ገና ለገበያ ሳይደርስ አስታወቀ፤ ተፎካካሪው የምግብ ኩባንያ ኬሎግ ወሬውን እንደሰማ በሚሺጋን ግዛት፣ በግራንድ ራፒድስ ከተማ የብስኩት ፋብሪካ ያስተዳድር ከነበረው ከዊልያም ፖስት ጋር ተነጋግሮ በዚያው ዓመት «ፖፕ ታርትስ» የተባለውን የራሱን የቶስተር ፔስትሪ ገበያ ላይ አዋለ። የሰውየው ስም ከፖስት ኩባንያ ስም ጋር መግጠሙ እንዲሁ አጋጣሚ ነው። የስኳር ቅብ ያለው ዓይነት የመጣው ደግሞ በ1967 ነው።

ይህን ምግብ ተፈላጊ ያደረገው ከጣዕሙ ይልቅ ምቾቱ ነው። ፍሪጅ አይፈልግም፣ ሳህን አያቆሽሽም፣ በቦርሳ ይያዛል፣ ሳይሞቅም ይበላል። ምቾቱ ግን በነፃ አልመጣም። በማርማላታው ውስጥ ያለውን ውሃ ስኳሩ አጥብቆ ስለሚይዘው ሻጋታና ባክቴሪያ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ፔስትሪው በፎይል ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ለወራት ሳይበላሽ የሚቆየውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስኳሩ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ማቆያም ነው፤ ኦርጋኒክ የሆነውም ምርት ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቤቱ ውስጥ ፍሪዘር ያለው ሰው ግን የማቆየቱን ሥራ ለብርዱ ትቶ ስኳሩን መቀነስ ይችላል። በዚህ መመሪያ ውስጥ በቅድሚያ ከመደብር የሚገዛውን እንዴት መምረጥ እንደሚገባ፣ ቀጥሎም በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ጋግሮ በፍሪዘር በማስቀመጥ ያንኑ ምቾት በጣም ባነሰ ስኳር እንዴት ማግኘት እንደሚቻል በዝርዝር ቀርቧል።

ማኅተሙ የሚናገረውና የማይናገረው

በአሜሪካ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል እንደ ተራ ማስታወቂያ የሚለጠፍ አይደለም። መሠረቱ በ1990 የወጣው የኦርጋኒክ ምግቦች ምርት ሕግ ሲሆን፣ ዝርዝር ደንቡ በሥራ ላይ የዋለው ከጥቅምት 2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። የግብርና ሚኒስቴሩ ክብ ማኅተም ካርቶኑ ላይ ካለ፣ ከውሃና ከጨው በስተቀር ከንጥረ ነገሮቹ ክብደት ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። «በኦርጋኒክ ስንዴ የተሠራ» ዓይነት አገላለጽ ብቻ ካለ ደግሞ ግዴታው 70 በመቶ ሲሆን፣ ማኅተሙን መለጠፍ አይፈቀድም። ከ70 በመቶ በታች የሆነ ምርት ቃሉን መጠቀም የሚችለው በጀርባው ባለው የንጥረ ነገር ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ አንባቢያን በከዋክብት የተሠራውን አረንጓዴ ቅጠል ይፈልጉ፤ እዚያም ለተዘጋጁ ምግቦች መለኪያው 95 በመቶ ነው።

ደንቡ በዘረመል ምህንድስና የተለወጠ ሰብልን፣ የምግብ ጨረራን፣ ከፍሳሽ ቆሻሻ የተገኘ ማዳበሪያንና አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ ፀረ ተባዮች ይከለክላል። ሰው ሠራሽ ማቅለሚያም አይፈቀድም። በተለመደው የእንጆሪ ፔስትሪ ላይ «ሬድ 40» የሚል ማቅለሚያ ሲነበብ፣ በኦርጋኒኩ ላይ ግን እንደ ቀይ ሥርና ጥቁር ካሮት ካሉ ተክሎች የተገኘ ቀለም የሚታየው ለዚህ ነው። ይሁንና ማኅተሙ የሚናገረው ስንዴው፣ ፍሬውና ስኳሩ እንዴት እንደተመረቱ ነው፤ ስለ ስኳሩ ብዛት አንድም ነገር አይተነፍስም። ኦርጋኒክ ስኳርም በሰውነት ውስጥ ያው ስኳር ነው።

ከመደብር ሲገዙ

ማኅተሙን ካረጋገጡ በኋላ ካርቶኑን አዙረው በሥነ ምግብ ሰንጠረዡ አናት ላይ ያለውን የአንድ ጊዜ ድርሻ መጠን ይመልከቱ። በአንድ ፎይል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፔስትሪ ስለሚታሸግ፣ ልጅም ሆነ አዋቂ ከፎይሉ ያወጣውን ሁለቱንም መብላቱ አይቀርም። አንዳንዱ አምራች ግን ሰንጠረዡን የሚያሰላው በአንድ ፔስትሪ፣ ሌላው ደግሞ በሁለት ነው። ይህን ሳያዩ ሁለት ካርቶን ማወዳደር፣ ኦርጋኒኩ ግማሽ ስኳር ብቻ ያለው መስሎ እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል።

ቀጥሎ «የተጨመረ ስኳር» የሚለውን መስመር ያንብቡ። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ቅብ ያለው የተለመደ የእንጆሪ ፔስትሪ ሁለቱ ተደምሮ 370 ካሎሪ ገደማና 30 ግራም ያህል የተጨመረ ስኳር አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመለያው ላይ የሚጠቀምበት የአዋቂ የቀን ጣሪያ 50 ግራም ሲሆን፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚመክረው ከ25 ግራም በታች ነው። እንግዲህ አንድ ፎይል ብቻውን የልጁን ቀን ይጨርሰዋል ማለት ነው። ኦርጋኒክ የሆኑትም ቅብ ካላቸው ከዚህ ብዙ የማይርቁበት ጊዜ አለ፤ ቅብ የሌላቸው ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ግራም ያነሱ ናቸው። ምርጫው በእጅዎ ካለ ቅብ የሌለውን ይውሰዱ።

በንጥረ ነገር ዝርዝሩ ላይ ቅደም ተከተሉ የክብደት ቅደም ተከተል መሆኑን ያስታውሱ። ስኳር በተለያዩ ስሞች፣ ለምሳሌ እንደ አገዳ ስኳር፣ የታፒዮካ ሽሮፕና ሞላሰስ ተከፋፍሎ ሲጻፍ እያንዳንዱ ወደ ታች ይወርድና ጠቅላላ ብዛቱ ይደበቃል። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጀላቲን ያለበት ቅብም ስላለ፣ የሙስሊም ቤተሰቦችም ሆኑ ጿሚዎች ይህችን ቃል በዝርዝሩ ላይ ቢፈልጓት ጥሩ ነው።

በቤት ለመጋገር የሚያስፈልጉ ነገሮች

የሚከተለው ልኬት ዘጠኝ ያህል ፔስትሪ ያወጣል። ለሊጡ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 170 ግራም ከፍሪጅ የወጣ ጨው አልባ የገበታ ቅቤ (በአሜሪካ አሻሻጥ አንድ ተኩል ስቲክ)፣ 15 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ እንቁላልና ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ያስፈልጋል። ለማርማላታው 350 ግራም እንጆሪ፣ 50 ግራም ስኳር፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ለመቀቢያ አንድ ተጨማሪ እንቁላል ያዘጋጁ።

ሁሉንም ነገር ኦርጋኒክ አድርጎ መግዛት ኪስ ይጎዳል፤ ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠውን መለየት ይገባል። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ የሚመጣው እንጆሪው ነው፤ ልጣጭ የሌለው፣ ለተባይና ለሻጋታ የተጋለጠ ፍሬ በመሆኑ ብዙ ይረጫል፣ የርጭት ቅሪት በሚበዛባቸው ፍሬዎች ዝርዝር ላይም ስሙ በየዓመቱ ከላይ ይገኛል። በረዶ ሆኖ የሚሸጠው ኦርጋኒክ እንጆሪ ከትኩሱ ረከስ ያለ ነው፤ ለማርማላታ ደግሞ ምንም አያንሰውም። ትኩሱን ሲገዙ በተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር ባለ አምስት አኃዝና በ9 የሚጀምር ከሆነ ኦርጋኒክ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ቅቤው፣ ከዚያም ስኳሩና ስታርቹ ይመጣሉ፤ በአሜሪካ የሚመረተው በቆሎና የስኳር ቀይ ሥር በአብዛኛው ዘረመሉ የተለወጠ ስለሆነ፣ ይህን መሸሽ ለሚፈልግ ሰው ኦርጋኒኩ ትርጉም አለው። ስንዴው በአንጻሩ በአሜሪካ እርሻ ላይ ዘረመሉ ተለውጦ ለገበያ አይመረትም፤ የኦርጋኒክ ዱቄት ጥቅም በርጭትና በማዳበሪያ በኩል ያለው ብቻ ነው። ኦርጋኒክ ጨው ብሎ ነገር ግን የለም፤ ማዕድን ስለሆነ በደንቡ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ከዱቄቱ ላይ 60 ግራሙን በጤፍ ዱቄት መተካት ይቻላል፤ በአይዳሆ ግዛት የሚበቅለው ጤፍ በብዙ መደብሮች ይገኛል። ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ከቀረፋና ከፖም ጋርም ይስማማል። ጤፍ ሊጥን የሚያያይዘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ስለሌለው መጠኑ ከሩብ ካለፈ ግን ሊጡ ሲዳመጥ እየተሰነጠቀ ያስቸግራል።

ማርማላታውን ማብሰል

ማርማላታው ቀድሞ መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም ለብ ያለ ማርማላታ እንኳ በሊጡ ውስጥ ያለውን ቅቤ አቅልጦ ጠርዙ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። እንጆሪውን ከስኳሩ ጋር በመለስተኛ እሳት ላይ ጥደው ውሃውን እስኪያወጣ ይጠብቁ፤ ከዚያም በሹካ ወይም በድንች መፍጫ ይደፍጥጡት። ስታርቹን ለብቻው በሎሚው ጭማቂና በአንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ እንጆሪው እየፈላ ሳለ እያማሰሉ ይጨምሩ። ስታርች በደንብ ካልፈላ አይወፍርም፣ የዱቄት ጣዕምም ይተዋል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ያማስሉት።

መድረሱ የሚታወቀው በማንኪያው ነው። የእንጨት ማንኪያውን በድስቱ መሐል ሲጎትቱት የድስቱ ወለል እንደ መንገድ ተከፍቶ ይታያል፤ መንገዱ ወዲያው ከተዘጋ ገና ነው፣ ዳርና ዳሩ ቆሞ ቀስ ብሎ ከተገጠመ ይበቃዋል። ሰፋ ባለ ሳህን ላይ አፍስሰው ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት። የተገዛ ማርማላታ መጠቀም የሚፈልግ ሰው 220 ግራሙን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ስታርች ጋር እንዲሁ ማፍላት ይችላል፤ እንዲያ ካልተወፈረ በኦቭኑ ሙቀት ቀጥኖ በየቀዳዳው ይወጣል። ያን ጊዜ ግን ስኳሩ በእጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚጨምር፣ የቤት አጋገሩ አንዱ ጥቅም ይቀራል።

ሊጡን ማዘጋጀትና መዳመጥ

ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ጨውን ያደባልቁ። ቅቤውን በትናንሹ ቆራርጠው ይጨምሩና በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ይሹት፤ በመዳፍ አይሹ፣ መዳፍ ሙቀት አለውና ቅቤውን ያቀልጠዋል። ድብልቁ ሻካራ ሆኖ እዚህም እዚያም የሽምብራ ፍሬ የሚያካክል ቅቤ ሲቀር ያቁሙ፤ ኦቭን ውስጥ ቀልጦ ሊጡን ተሰባሪ የሚያደርገው ይህ የቀረው ቅቤ ነው። እንቁላሉን ከሁለት ማንኪያ ወተት ጋር መትተው ያፍስሱና ሊጡ እስኪያያዝ ብቻ ያሰባስቡት፤ በእጅ ሲጨብጡት የሚፈረካከስ ከሆነ ሦስተኛውን ማንኪያ ወተት ይጨምሩ። የእንጀራም ሆነ የዳቦ ሊጥ የለመደ እጅ ማቡካት ይቃጣዋል፤ ይህ ሊጥ ግን በታሸ ቁጥር ግሉተኑ እየጠነከረ ሲጋገር እንደ ብስኩት ከመሰባበር ይልቅ ይኮማተራል። ለሁለት ከፍለው፣ ጠፍጠፍ አድርገው፣ ጠቅልለው ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፉት።

ከዚያ በኋላ አንዱን ክፋይ አውጥተው በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ ይዳምጡ። ከዚህ ከሳሳ ማርማላታው ይቀደዋል፤ ከወፈረ ደግሞ ቶስተሩ ውስጥ ውስጡ ሳይሞቅ ውጩ ያራል። በማስመሪያ 8 በ11 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘኖችን ይቁረጡ፤ ይህ መጠን በአብዛኛው የቶስተር ቀዳዳ ይገባል፣ የእርስዎን ቶስተር ግን አስቀድመው ይለኩ። ቁርጥራጩን ሰብስበው አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ይዳምጡት። ሊጡ በሥራ መሐል ከለሰለሰ ለአሥር ደቂቃ ወደ ፍሪጅ መመለስ ከትግል ያድናል።

ግማሾቹን አራት ማዕዘኖች ወረቀት በተነጠፈበት የኦቭን ትሪ ላይ ደርድረው ዳርና ዳራቸውን የተመታ እንቁላል ይቀቡ። በየመሐላቸው አንድ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 25 ግራም ያህል ማርማላታ አድርገው፣ በየጠርዙ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ባዶ እየተዉ ጠፍጠፍ ያድርጉት። ማርማላታው ጉብ ካለ ፔስትሪው ሲጋገር ሆዱ ተነፍቶ ቶስተር አይገባም። ሁለተኛውን ሽፋን ደርበው ከመሐል ወደ ዳር በጣት እየጫኑ አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያ ዙሪያውን በሹካ ጥርስ በደንብ ይጫኑት። በላዩ ላይ ሰባት ስምንት ቦታ በሹካ መውጋት እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል። ትሪውን እንዳለ ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡ፤ ይህን መዝለል ያጓጓል፣ ነገር ግን የጠርዙ መከፈት ከሁሉ በላይ የሚመጣው ሊጡ ሳይቀዘቅዝ ኦቭን ሲገባ ነው።

ኦቭኑን አስቀድመው በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ (375 ፋራናይት) ያግሉ። ላዩን እንቁላል ቀብተው ይጋግሩ። በዕለቱ የሚበላው 25 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ቡላ ወርቃማ ሲሆን ይወጣል። ለፍሪዘር የታሰበው ግን በ20ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ጠርዙ ቀለም ይዞ መሐሉ ገና ፈዘዝ ብሎ ሳለ ቢወጣ ይሻላል፤ ቶስተሩ ቀሪውን ቀለም ይሰጠዋልና።

ስለ ቅቡ አጭር ስሌት ላቅርብ። ያለ ቅብ በአንዱ ፔስትሪ ውስጥ የሚገኘው የተጨመረ ስኳር 7 ግራም ያህል ነው። 60 ግራም የዱቄት ስኳር በወተት አቅጥነው ዘጠኙን ቢቀቡ በአንዱ ወደ 14 ግራም ይጠጋል፤ ሁለት የበላ ሰው ከፋብሪካው ፎይል ጋር ተስተካከለ ማለት ነው። ቅቤውም ቢሆን ቀላል አይደለም፣ በአንዱ ውስጥ 19 ግራም ገደማ አለ። በቤት የተጋገረውን ካሎሪው ያነሰ ምግብ ነው ብሎ ማሰብ ስለማይገባ፣ ለአንድ መክሰስ አንዱን ከወተት ወይም ከፍራፍሬ ጋር ማቅረብ በቂ ነው።

ማስቀመጥና ማሞቅ

ፔስትሪዎቹ በሽቦ ማቀዝቀዣ ላይ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዙ በኋላ፣ ሳይነካኩ በትሪ ላይ ደርድረው ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያጠንክሯቸው። ከዚያ በኋላ ዚፕ ባለው ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥተው፣ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች እስከ ሁለት ወር ጣዕማቸው እንደተጠበቀ ይቆያሉ። ማርማላታው ስኳሩ ያነሰ ስለሆነ የፋብሪካውን ያህል ከፍሪዘር ውጭ አይቆይም፤ የቀለጠውን በዚያው ቀን መብላት ይገባል። ለትምህርት ቤት ወይም ለሥራ ከሆነ ጠዋት እንደ በረዶ ሆኖ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቢገባ፣ መክሰስ ሰዓት ሲደርስ ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃል። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ኦቾሎኒ ስለሚከለክሉ፣ ማርማላታውን በኦቾሎኒ ቅቤ መተካት ለሚያስብ ወላጅ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ቶስተር ውስጥ የሚገባው ቅብ የሌለውና ጠርዙ ያልተከፈተ ብቻ ነው። ስኳር ወደ ጋለው ሽቦ ከተንጠባጠበ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል፤ የፋብሪካዎቹ ካርቶኖችም ቶስተሩን ትቶ መሄድ እንደማይገባ የሚያስጠነቅቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀቱን በዝቅተኛው ቁጥር ላይ አድርገው፣ በረዶ ማቅለጫ ቁልፍ ካለው እሱን ተጭነው ያስገቡ፤ አንድ ዙር ካልበቃው በከፍተኛ ሙቀት ከማጣደፍ ይልቅ በዝቅተኛው ይድገሙት። ቅብ ያለው፣ ወይም ትንሽም ብትሆን ስንጥቅ የታየበት፣ በቶስተር ኦቭን ውስጥ ጋደም ብሎ በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይሞቅ። ማይክሮዌቭ ሊጡን ያረጥበዋል፤ አልመክረውም። በየትኛውም መንገድ ቢሞቅ ማርማላታው ከሊጡ ይልቅ በጣም ይግላልና ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ያብርዱት። የቶስተሩን የፍርፋሪ መያዣም በየሳምንቱ ያራግፉ።

ለጾም ጊዜ

የጾሙን ለማዘጋጀት የገበታ ቅቤውን በስቲክ በሚሸጥ የጾም ቅቤ በእኩል መጠን ይተኩ፤ አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ተረፈ ምርት ስላለበት ዝርዝሩን ማንበብ አይዘንጉ። በኮኮናት ዘይት ከሆነ 140 ግራም ይበቃል፤ የገበታ ቅቤ አንድ አምስተኛው ገደማ ውሃና ሌላ ነገር ሲሆን ዘይቱ ግን ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። የኮኮናት ዘይት ወደ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ስለሚቀልጥ በበጋ ቀን ሊጡን በትንሽ በትንሹ ከፍሪጅ እያወጡ መሥራት የግድ ነው። በእንቁላሉና በወተቱ ፋንታ ከአምስት እስከ ስድስት የሾርባ ማንኪያ በረዶ የገባበት ውሃ ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ ጠርዙን በውሃ ያጣብቁ፣ ላዩን ጥቂት ስኳር በተበጠበጠበት የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ወተት ይቀቡት። ቀለሙ ከእንቁላሉ ፈዘዝ ይላል፣ ጣዕሙ ግን አይጎድልም። ለማርማላታው ከእንጆሪ ሌላ፣ በውሃ ተቀቅሎ የተፈጨ ቴምር ከቀረፋ ጋር ቢገባ ስኳርም ስታርችም ሳይጨመርበት ይወፍራል።

ከመደብር የሚገዛውን ለጾም የሚፈልግ ሰው በኦርጋኒክ ማኅተሙ ብቻ እንዳይተማመን። ኦርጋኒክ ወተት፣ ኦርጋኒክ እንቁላልና ኦርጋኒክ ቅቤ ያላቸው ፔስትሪዎችም ያንኑ ማኅተም ይይዛሉ፤ ከንጥረ ነገር ዝርዝሩ ግርጌ ባለው የአለርጂ ማስታወቂያ ላይ «ወተት ይዟል» ወይም «እንቁላል ይዟል» የሚል ካለ የፍስክ ነው። ጀላቲን ግን በዚያ ማስታወቂያ ውስጥ ስለማይጠቀስ ዝርዝሩን ራሱን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያስፈልጋል።